አባት በሕይወት አለ

ስንሻው ገብረየስን የማያውቅ የመሥሪያ ቤት ዘበኛ አዲስ አበባ ውስጥ ካለ ትናንት የተቀጠረ ነው። ፈታሾቹ ኪሱን መዳበስ ከተዉ ቆይተዋል። «ግባ ባክህ ጋሽ ስንሻው፣ አንተ ጋ ከወረቀት ሌላ ምን ይገኛል!» ይሉታል። ውሸታቸውን አይደለም። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ኮቱ በግራ ብብቱ በኩል ክላሰር ከመታቀፍ ብዛት ተልጦ ያብረቀርቃል። «ሚስት ቢታቀፍበት ኖሮ እንዲህ አይላጥም ነበር» ትላለች አከራዩ እትዬ ማንአህሎሽ። እሷ ደግሞ አፏ መቼ አርፎ ያውቃል።

ሥራው ጉዳይ ማስፈጸም ነው። ወላጅ የሌላቸው ሕፃናት በጉዲፈቻ ውጭ አገር ሲሄዱ ወረቀታቸውን የሚያስጨርስ አንድ ድርጅት አለ፤ የድርጅቱ እግር ስንሻው ነው። ልጅ በአውሮፕላን አንድ ሌሊት ነው የሚፈጅበት። ወረቀቱ ግን ስምንት ወር በእግሩ ይሄዳል። ከፖሊስ ጣቢያ «የት ተገኘ» የሚል ደብዳቤ፣ ከቀበሌ መሸኛ፣ ከክፍለ ከተማ የመሸኛው መሸኛ፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የሐኪም ወረቀት፣ ፍርድ ቤት፣ እንደገና የልደት ሰርተፍኬት፣ ፓስፖርት። በየመስኮቱ ደግሞ አንዲት ሴትዮ አለች። አንዷ አፍንጫዋን ይዛ ነው የምታወራው፦ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው።» ሌላዋ እንቅልፍ የተጣባት ናት፦ «ቲተር የያዘችው ልጅ ሐዘን ሄዳለች።» «መቼ ትመጣለች?» «ሟቹን ጠይቀው።» ስንሻው ሁሉንም «እሺ» ብሎ ይመለሳል። እሺ ማለት አጥንቱ ውስጥ ገብቷል።

እንዲያውም ያላገባው በዚሁ እሺ ነው ይባላል። ወታደር ቤት ጸሐፊ ሆኖ ሲሠራ አንዲት ልጅ ወድዶ ሽማግሌ ላከ። የልጅቱ አባት እንደ ወጉ «ተመካክረን እናሳውቃችሁ፣ በሳምንቱ ኑ» አሉ። በሳምንቱ ተሄደ፣ «በሳምንቱ ኑ» ተባለ። ሌላው ሰው ቢሆን ዘመድ ያስገባል፣ በልጅቱ በኩል መልእክት ይልካል፣ ምን ሆኛለሁ ብሎ ይጮኻል። ስንሻው «እሺ» አለ። በሦስተኛው ሳምንት ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፤ ሙሽራው አንድ የመብራት ኃይል ሠራተኛ። ሽማግሌዎቹ ከሄዱ አይቀር በልተው ጠጥተው መጡ። ስንሻው ይህን ታሪክ ራሱ ሲያወራው ይስቃል፣ ሰው ግን ሲያወራበት አይስቅም።

ምሳውን የሚበላው ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ምግብ ቤት ነው። ክላሰሩን ፊት ለፊቱ ያለው ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። አስተናጋጇ ወንበር ሲያጥራት ትመጣና «ሰው አለው?» ትላለች። ስንሻው ክላሰሩን ያየዋል። «አለው» ይላል።

አሁን ወደ ስሙ ነገር።

ከሰባት ዓመት በፊት ነው። ተጥላ የተገኘች ሕፃን ነበረች፤ ስም ያወጡላት ሞግዚቶቹ ናቸው። ስንሻው የልደት ሰርተፍኬት ሊያስወጣላት ፎርሙን ይዞ መዝጋቢዋ ዘቢደር ፊት ቆመ። ዘቢደር መነጽሯን በክር አንጠልጥላ፣ ደረቷ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክታ፣ እንደ ዳኛ ነው የምትቀመጠው።

«የአባት ስም?»

«የለም። ተጥላ ነው የተገኘችው።»

«የለም የሚባል ስም አለ እንዴ? ጋሽ ስንሻው፣ እኔ ባዶ ቦታ ላይ ማህተም አላሳርፍም። አባት ከነአያት።»

«ከየት ላምጣ ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቄ! የሆነ የአዳም ዘር ስም ስጠኝና ዞር በል፣ ሰልፉን አታየውም?»

ስንሻው ወደ ኋላው ዞሮ ሰልፉን አየ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «በይ ስንሻው ገብረየስ ብለሽ ጻፊ» አለ።

ዘቢደር ከመነጽሯ በላይ አየችው። ጻፈች። ማህተሙን መታችው፦ ጧ! ከዚያ ወዲያ ወላጁ ያልታወቀ ልጅ በመጣ ቁጥር፣ «እንደተለመደው?» ትለዋለች፤ «እንደተለመደው» ይላታል፣ ልክ ሽሮ እንደሚያዝ ሰው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ስንሻው በወረቀት የሠላሳ ስድስት ልጅ አባት ሆነ። አባትነቱ ግን ዕድሜ የለውም። ፍርድ ቤቱ ጉዲፈቻውን ሲያጸድቅ አዲስ ሰርተፍኬት ይወጣል፣ የፈረንጁ ስም ይገባል፣ የሱ ይወጣል። ቢበዛ አምስት ወር ነው። አዲሱን ሰርተፍኬት የሚያስወጣውም ያው ራሱ ነው።

ከልጆቹ የሚቀረው አንድ አንድ ጉርድ ፎቶ ነው፤ ስምንት ይታጠባል፣ ሰባቱ ይፈለጋል። ስምንተኛውን ክፍሉ ውስጥ የመስተዋቱ ጠርዝ ላይ ይሰካዋል። እትዬ ማንአህሎሽ አንድ ቀን አምፖል ልታስቀይር ገብታ አየቻቸው። «የማን ናቸው እነዚህ ሁሉ?» ስትለው ደንግጦ «የዘመድ» አላት። በሁለተኛው ቀን ግቢው በሙሉ፣ በሦስተኛው ቀን ሰፈሩ በሙሉ ወሬውን ቅመም ጨምሮበት ጨርሶታል። «ይሄ አንገቱን የደፋው! ያውም እኮ አንዱ አንዱን አይመስልም፣ የተለያየ እናት ነው!» ውሃ ቀጂዋ ሳትቀር በአጠገቧ ሲያልፍ ነጠላዋን ታጣፋለች።

ፎቶው ራሱ ደግሞ የሚነሳበት ዘዴ አለ። ሕፃን ልጅ ብቻውን ወንበር ላይ አይቀመጥም፣ ፎቶው ግን ከጀርባ ነጭ ሆኖ ሰው ሊታይበት አይገባም። ስለዚህ ስንሻው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ነጂብ የሚባለው ፎቶ አንሺ ከራሱ እስከ ጉልበቱ ነጭ አንሶላ ያለብሰዋል፣ ልጁ አንሶላው ላይ ይቀመጣል። «ጋሼ ራስህን ዝቅ አድርግ፣ እንደ ድንኳን ምሰሶ ቆምክብኝ!» ይላል ነጂብ። ስንሻው ዝቅ ይላል። በሠላሳ ስድስቱም ፎቶ ላይ ነጩ እሱ ነው።

ሠላሳ ሰባተኛዋ አንቺናሉ ናት።

አንቺናሉ የተገኘችው አውቶቡስ ተራ፣ ትኬት መቁረጫው አጠገብ፣ አንድ ዓመት ሊሞላት ሲል ነው። ስሙን ያወጣችላት ያነሳቻት ፖሊስ ናት። አሁን ሦስት ዓመት ከሰባት ወሯ ነው። በማሳደጊያው ውስጥ ከሁሉ የቆየችው እሷ ናት፤ ሁለት ጊዜ ወረቀቷ ተጀምሮ ሁለቴም ገና ሰርተፍኬት ሳይወጣላት ፈላጊዎቹ ሐሳባቸውን ቀይረዋል። ከማንም ጋር ብዙ አታወራም። ስንሻው ሲመጣ ግን ከሩቅ «ጋሼ ወረቀት!» ብላ ትሮጣለች። እሱ በመስኮቶቹ ያሉትን ሴትዮዎች ድምፅ ያስመስልላታል። «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው!» ሲል በሳቅ ትንከተከታለች። ከዚያ ግንባሯን ታቀርብለታለች፤ እሱ አውራ ጣቱን በትንፋሹ እፍ ብሎ ግንባሯ ላይ ያሳርፋል፦ ጧ! «አለቀ፣ ሂጂ።» «ድገመው» ትላለች።

ከቤልጂየም አንዲት አስተማሪና አንድ አናጢ ባልና ሚስት ፈለጓት። የሀገራቸው ፈቃድ ግን ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ብቻ ነው። አራት ዓመት ከሞላት ከእነሱም ትቀራለች። ከእሷ በላይ ያለ ልጅ ደግሞ የሚወስደው አይገኝም፣ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ስንሻው ከማንም በላይ ያውቀዋል።

በዚያው ሰሞን የልደት ሰርተፍኬቱ ፎርም ተቀየረ። በድሮው ፎርም ላይ «የአባት ሁኔታ» የሚለው ሦስት ምርጫ ነበረው፦ በሕይወት አለ፣ ሞቷል፣ አይታወቅም። በአዲሱ ላይ ሦስተኛውን ማን እንደቆረጠው እንጃ፣ ሁለት ብቻ ነው። ስንሻው ፎርሙን የሚሞላው ማሳደጊያው በረንዳ ላይ፣ አንቺናሉ ግራ ትከሻው ላይ ተኝታበት ነው። የልጅ ስም አንቺናሉ። የአባት ስም ስንሻው። የአያት ገብረየስ። ከታች፦ በሕይወት አለ፣ ሞቷል። አንዱን ያክብቡ።

«ሞቷል» የሚለው ላይ እስክሪብቶውን አስጠጋ። ወደ ላይ ቢያይ የራሱ ስም፣ በራሱ እጅ ጽሑፍ።

«ኧረ በስመ አብ!» አለና እስክሪብቶውን አነሳ። ሰው በገዛ እጁ በራሱ ላይ ያሟርታል? እናቱ ብታይ መቃብሯ ውስጥ ትገላበጥ ነበር። ደግሞም ልጅቱ አንገቱ ሥር ትተነፍሳለች፣ ሞቅ ሞቅ ያለ ትንፋሽ። የሞተ ሰው ላይ እንዲህ ይተነፈሳል?

«በሕይወት አለ» የሚለውን ከበበው። ያውም ሁለቴ፣ አሳምሮ።

ከሁለት ወር በኋላ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ሶስና ከችሎት ስትወጣ ፊቷ እንደ ርጥብ ጨርቅ ተጨምቋል። ስንሻው ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል።

«ጋሽ ስንሻው፣ ምንድን ነው ያደረግከው?»

«ምን አደረግሁ?»

«አባት በሕይወት አለ ብለሃል! ዳኛዋ፣ አባት ካለ ፈቃዱ የታለ፣ ይቅረብና ይስጥ ወይም ይከልክል አሉኝ። ምን ልበል?»

«እውነቱን በይያ። የስም ነገር ነው፣ ፎርሙ ባዶ አይተውም።»

«ብያለሁ! ‹ሰው በሌለበት የተሞላ ስም ነው፣ ልጅቱ ተጥላ ነው የተገኘችው› ብያለሁ። ምን አሉኝ መሰለህ?» ወይዘሮ ሶስና ድምፅዋን አወፍራ፣ አገጯን አንገቷ ውስጥ ከታ እንደ ዳኛዋ ሆነች። «‹ወይዘሮ፣ እኔ የማነብበው የተጻፈውን ነው። የተጻፈው በሕይወት አለ ይላል። በጋዜጣ ጥሪ ይውጣ። አባት ነኝ የሚል ከቀረበ እሰማዋለሁ፣ ካልቀረበ እወስናለሁ።›»

«ይሄማ ጥሩ ነው» አለ ስንሻው።

«በምን ጥሩ ይሆናል? አንድ ወር ሄደ እኮ! ከዚያ በኋላ የሚቀረን ስድስት ሳምንት ነው።» ከዚያ አየችው። «እንዲያው ሞቷል ብትል ምን ነበረበት?»

ስንሻው ክላሰሩን በግራ ብብቱ አስገባ። «እኔ ምን አውቄ» አለ።

ጥሪውን ጋዜጣው ቢሮ የወሰደው ራሱ ነው፣ ሌላ ማን ይወስደዋል? ተቀባይዋ ጮክ ብላ አነበበችው። «የሕፃን አንቺናሉ ስንሻው አባት የሆኑት አቶ ስንሻው ገብረየስ፣ ልጅዎ በጉዲፈቻ እንድትሰጥ የቀረበውን ማመልከቻ አስመልክቶ መጋቢት 17 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቀርበው እንዲያስረዱ፤ ካልቀረቡ በሌሉበት የሚወሰን መሆኑን እናስታውቃለን።» ቀና አለች። «አድራሻው?»

«ያልታወቀ።»

«ምን ዓይነቱ አባት ነው ባክህ! ልጁን ጥሎ የት ነው የሚዞረው?»

«ሥራ ይበዛበት ይሆናል» አለ ስንሻው፣ ደረሰኙን አጣጥፎ ኪሱ እየከተተ።

እትዬ ማንአህሎሽ ጋዜጣ የምትገዛው ለልጇ የሥራ ማስታወቂያ ልታይላት ነው። ሥራ ግን አታነብም፤ የምታነበው ማን ከማን ተካሰሰ የሚለውን ገጽ ነው። ሐሙስ ጠዋት ስንሻው ፊቱን ሲታጠብ ጋዜጣውን እንደ ባንዲራ ይዛ መጣች።

«ይሄ አንተ ነህ? አንተ ነህ አይደለህም?»

«እትዬ፣ እሱ እኮ የስም...»

«ስም! ስምህን ከነአያትህ አውጥተውታል! ደምህን ለፈረንጅ ሊሰጡብህ ነው፣ አንተ እዚህ በሳሙና ትጫወታለህ!»

«ልጄ አይደለችም።»

«ወንድ ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው። የኔውም እንዲያ ነበር የሚለው፣ አፍንጫዋ ቁርጥ የሱ ሆኖ!» ድምፅዋን ወደ ግቢው አዞረች። «ኑ እስቲ ስሙልኝ! ልጄ አይደለችም ይላል!»

መጡ። ልብስ አጣቢዋ፣ ማዶ ያለችው ነርስ፣ ሁለት ተከራይ እህትማማቾች። ስንሻው ስለ ፎርሙ፣ ስለ ዘቢደር፣ ስለተቆረጠችው ሦስተኛ ምርጫ ሊያስረዳ ሞከረ። ነርሷ እጁን ያዘችው። «ጋሽ ስንሻው፣ አያሳፍርም እኮ። ሰው ይሳሳታል። ሄደህ ውሰዳት። እኛ አለን፣ እናግዝሃለን።»

እኛ አለን። ይህን ያለው ሰው አልነበረም እስከዚያ ቀን።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጁ ወጣ። እትዬ ማንአህሎሽ ልጇ ድሮ የተኛችበትን ትንሽ አልጋ ከቆጥ አስወርዳ በሩ ላይ አቆመችለት፤ እህትማማቾቹ ቀይ ጫማ አመጡ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የተላጠ። ከሥራ ሲመለስ «የአንቺናሉ አባት፣ እንዴት ዋልክ?» ይሉታል። መጀመሪያ «ኧረ እኔ...» ይል ነበር። በሦስተኛው ቀን «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ውሃ ቀጂዋ ነጠላዋን ማጣፋት ትታ «ስንት ዓመቷ ነው?» አለችው። «አራት ሊሞላት ነው። ሳቋ ነው እንጂ ወሬ አታበዛም» አላት። ውሸታም አትበሉት፣ ሁለቱም እውነት ነው።

እሑድ መዶሻ ተበድሮ መስተዋቱን ከነፎቶዎቹ አወረደና ሚስማሩን ዝቅ አድርጎ መታው፤ ወገቡ አካባቢ። ለምን ያለው አልነበረም። መስተዋቱን መልሶ ሰቀለና ልኩን ለማየት ተንበርክኮ አየ።

ሰኞ ወይዘሮ ሶስና ቢሮ ገባ፣ በሩን ዘጋ።

«እንዲያው ለነገሩ ነው... ያ ሰውዬ ቢቀርብስ?»

«የትኛው ሰውዬ?»

«ጥሪ የወጣለት።»

ወይዘሮ ሶስና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሳቅ መጥቶባት ነበር፣ ፊቱን ስታይ ተወችው። «ጋሽ ስንሻው። ቢቀርብ የሥጋ አባቷ ነህ ወይ ይባላል። አይደለሁም ይላል። ላሳድጋት ይላል። ሚስት የለውም፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው፣ ያለው አንድ ክፍል ነው። ያጣራሉ፣ ይቀጥራሉ፣ አንተ ቀጠሮውን ታውቀዋለህ። በመጨረሻም አይሰጡትም። እሷ ግን እስከዚያ አራት ዓመት ይሞላታል፣ ሰዎቹም ይቀራሉ። ከዚያ እዚያው በረንዳ ላይ ነው የምታድገው።»

«እሱማ ልክ ነው።»

«ጋሽ ስንሻው...»

«ለነገሩ ነው ያልኩሽ። እሺ።» ወጣ።

መጋቢት 17 ጠዋት እትዬ ማንአህሎሽ ነጭ ለብሳ፣ ቀዩን ጫማ በላስቲክ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ብቻውን እንደሚሄድ ቢነግራት «ልታመልጥ ነው? አፍንጫህ ሥር ነኝ!» አለች። በታክሲ ውስጥ ለረዳቱ ሳይቀር ነገረችው፣ «ልጁን ሊያመጣ ነው።» ረዳቱ «እንኳን ደስ ያለህ ፋዘር» አለው።

ኮሪደሩ እንደወትሮው ሙሉ ነው። ለፍቺ የመጡ ባልና ሚስት ጀርባ ተሰጣጥተው፣ የውርስ ወንድማማቾች በሰልፍ፣ አንድ አዛውንት ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው። ስንሻው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ክላሰሩን በጉልበቱ ላይ። እትዬ ማንአህሎሽ ከጎኑ። ወይዘሮ ሶስና ወደ ችሎት ስትገባ አየችው።

ችሎት አስከባሪው ወፍራም ሰው ነው፣ ድምፁ መርካቶ ላይ ሳልባጅ ለሚጠራ ነው የሚስማማው። በሩን ከፍቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አቶ ስንሻው ገብረየስ! የሕፃን አንቺናሉ አባት!»

ሃምሳ አራት ዓመት ሙሉ ስሙን እንዲህ ጮክ ብሎ፣ እንዲህ ሞልቶ የጠራው የለም። ወታደር ቤት በቁጥር ነው የሚጠሩት። መስኮቶቹ ላይ «ሰውዬው» ነው የሚሉት። የሕፃን አንቺናሉ አባት።

እትዬ ማንአህሎሽ ጎኑን በክርኗ ወጋችው። «ተጠራህ እኮ!»

ስንሻው ፍርድ ቤቱን ለሃያ ዓመት ያውቀዋል። ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ ሁለተኛው ከፍ ይላል፣ ሦስተኛው እንደ መሰልቸት ዝቅ ይላል።

«አቶ ስንሻው ገብረየስ!» ከፍ አለ። አዛውንቱ ዱላቸውን ይዘው ዙሪያቸውን አዩ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው የሚቀረው በሚል ዓይነት።

«አንተ! ምን ነካህ? ተነሥ!» አለች እትዬ ማንአህሎሽ። ቀዩን ጫማ ከላስቲኩ አውጥታ ጉልበቱ ላይ፣ ክላሰሩ ላይ አስቀመጠችው። የስንሻው እግር ጡንቻው ተወጠረ። ተረከዙ ከመሬት ተነሣ፣ ማንም ሳያይ፣ የአንድ ጣት ያህል።

«አቶ ስንሻው ገብረየስ» አለ ሰውዬው ዝቅ ብሎ፣ ዓይኑ ቀጣዩ መዝገብ ላይ።

ስንሻው ተረከዙን መለሰ።

«እኔ አይደለሁም፣ እትዬ» አላት በሹክሹክታ።

አስከባሪው ወደ ውስጥ ዞረ። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ድምፁ ተሰማ፦ «አልቀረቡም፣ ክብርት ሆይ።»

እትዬ ማንአህሎሽ ጫማውን ከክላሰሩ ላይ አነሣች። አማተበች፣ ተነሣች፣ ሄደች። የተመለሰችው በሌላ ታክሲ ነው።

ውሳኔው የተሰጠው በዚያው ቀን ነው። ወይዘሮ ሶስና ስትወጣ «ጸደቀ» አለችው። «እሺ። የውሳኔውን ግልባጭ ዛሬ አስመታለሁ» አላት። አስመታም። በማግስቱ ዘቢደር ጋ ሄደ። ዘቢደር አዲሱን ሰርተፍኬት ስትጽፍ የቤልጂየሙን ሰውዬ ስም በምጥ ነው ያወጣችው። «ይሄ ሁሉ ፊደል ለአንድ ሰው! የድሮውን መልስ።» መለሰላት። «ተሰርዟል» የሚለውን መታችበት፦ ጧ!

ግቢው ውስጥ አልጋው ከበሩ ላይ ተነሥቶ ቆጥ ገባ። «የአንቺናሉ አባት» ቀረ፣ «ጋሽ ስንሻው»ም ቀረ። ውሃ ቀጂዋ ነጠላዋን ማጣፋቷን ቀጠለች፤ እትዬ ማንአህሎሽ ኪራዩን ስትቀበለው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው። ሊያስረዳ ይችል ነበር። ነገር ግን ከየት ይጀምራል? ከፎርሙ? ከወታደር ቤት? ደግሞ ቢያስረዳቸው አባት አልነበረም ማለት ነው። የካደ አባት መባል ይሻላል መሰለው፤ የካደ ቢያንስ የሚክደው ነገር ነበረው።

የቀረው ፓስፖርት ነው። አንቺናሉን ይዞ ነጂብ ጋ ሄደ። አድጋለች፣ ብቻዋን መቀመጥ ትችል ነበር። ነጂብ ወንበሩን ሲያመጣላት ግን «እንቢ! ጋሼ ወረቀት ላይ!» አለች። ስለዚህ ስንሻው ተቀመጠ፣ አንሶላው ወረደበት፣ ዓለም ነጭ ሆነች።

«ጋሼ ዝቅ በል፣ አናትህ!»

ዝቅ አለ። አንቺናሉ ከላይ ተቀመጠች፤ ክብደቷን ያውቀዋል።

«ጋሼ ወረቀት፣ አለህ?» አለች ወደ ኋላዋ።

«አለሁ።»

«የት?»

«እዚሁ። ወደ ነጂብ እዪ።»

እጇን ወደ ኋላ ሰደደች፣ አንሶላውን ዳብሳ ጫፉን አነሣች፣ አውራ ጣቱን አገኘችና ጭብጥ አደረገችው። ያኔ ነጂብ ቁልፉን ተጫነ።

ሦስት ቀን ቆይቶ ፓስፖርት ተቀባይዋ መስኮት ላይ ፎቶውን ወደ ብርሃን አነሣችው። ወጣት ናት፣ አዲስ የገባች፣ ስንሻውን ገና አታውቀውም።

«ይሄ ጎኗ ላይ ያለው እጅ የማን ነው?»

ከኋላው ሰልፉ ረጅም ነበር። አንዱ «ኧረ ቶሎ በሉ!» ይላል።

«የኔ ነው» አለ ስንሻው።

«ሰው የታየበት አንቀበልም። አስነሥተህ አምጣ። ቀጣይ!»

«እሺ። እሱን ግን መልሽልኝ።»

«ምን ያደርግልሃል? ተበላሽቷል እኮ።»

«መልሽልኝ፣ እህቴ።»

በመስኮቱ ሥር ገፋ አድርጋ ሰጠችው። በማግስቱ ሌላ ተነሡ፣ ነጂብ የስንሻውን ሁለት እጅ ከወንበሩ ጀርባ አስይዞ። አንቺናሉ አራት ዓመት ሊሞላት አሥራ አንድ ቀን ሲቀራት ሄደች። አሸኛኘቱ ላይ ስንሻው አልነበረም፤ ሌላ መዝገብ ይዞ ቀበሌ ሰልፍ ላይ ነበር።

የተበላሸው ፎቶ መስተዋቱ ጠርዝ ላይ ነው። መስተዋቱን ወደ ቦታው አልመለሰውም። ጺሙን ሲላጭ ይንበረከካል።